ሞተሩ ተነሳ፤ የኋላ እግሩስ?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ ወደ አንድ የቆየ መሥሪያ ቤት ግቢ የገባ ሰው ወደ ጓሮው ዘወር ቢል፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተደግፈው የቆሙ ያረጁ ሞተር ሳይክሎች ሊያይ ይችላል። ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ፣ አልፎ አልፎም ሱዙኪ ወይም ሆንዳ። መቀመጫቸው ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል፤ በጎማቸው ሽቦ መሃል ሣር በቅሏል፤ የሰሌዳቸው ቀለም ለቋል። የግብርና ባለሙያውን ከእንሰት ጓሮ ወደ ስንዴ ማሳ፣ የክትባት ሠራተኛውን የመድኃኒት ሳጥኑን እንዳነገተ ከዳገት ዳገት ያመላለሱት እነዚህ ናቸው። አሁን ጨረታ ይጠብቃሉ።

ጨረታው ሲወጣ ግን ገዢ አያጡም። ኤጂ 100 ሲጀመርም ለገጠር ታስቦ የተሠራ ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲያወጣው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የእርባታ ቦታዎች ጭቃና ሣር ውስጥ እንዲሠራ አስቦ ነው፤ ስሙም «አግሪካልቸር» ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። ሞተሩ ቱ ስትሮክ ነው፤ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ካቴናው ከጭቃ እንዲጠበቅ ከላይም ከታችም በሳጥን ተሸፍኗል። አንድ ፒስተን፣ አንድ ካንዴላ፣ አንድ ካርቡሬተር። ለሚጠግነው ሰው የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሠላሳና አርባ ዓመት የሠራ እንዲህ ያለ ሞተር በደንብ ከተጠገነ ብዙ ዓመት ይጨምራል።

«በደንብ ከተጠገነ» የሚለው ላይ ነው ችግሩ ያለው። አሮጌ ሞተር ገዝቶ የሚያስጠግን ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው ሞተሩ ላይ ነው። ፒስተን ይቀየራል፤ ሲሊንደር ቶርኖ ቤት ይላካል፤ ካርቡሬተር ይታጠባል። ከዚያ ነዳጅ ጋኑ ይቀባል፤ መቀመጫው አዲስ ሌዘር ይለብሳል። ሞተሩ የተነሳ ቀን ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። የኋላ ጎማው ግን የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ሳንቲም ነው፤ ከመነዳሪው ይለጠፋል፣ ነፋስ ይሞላል፣ ይታሰራል፤ አለቀ። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው፤ ሰው እየጎዳም ነው። ሞተር አልነሳ ቢል ባለቤቱ በእግሩ ይሄዳል። የኋላ ጎማ ግን ወደ ጊቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ቢቆልፍ ወይም ኩሽኔታው ቢሰበር፣ ከኋላ የተፈናጠጠችው እናትና ያዘለችው ሕፃን ጭምር ይወድቃሉ።

በዚህ አካባቢ ክብደት የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው። ሞተር ብቻውን የሚጋልብ ሰው ብርቅ ነው። ከኋላው አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ሰው አለ፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም ወደ ወፍጮ የሚሄድ እህል ይታሰራል። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ከሞላ ጎደል በኋላ ጎማው ዘንግ አናት ላይ ነው። ጃፓን ውስጥ ሥዕሉን የነደፈው መሐንዲስ ይህን ጭነት አላሰበውም። ስለዚህ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የሚጠገን የኋላ ጎማ ከመመሪያው በላይ እንጂ ከመመሪያው በታች መሠራት የለበትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሆሳዕና ውስጥ፣ ፊቱ ላይ የዘይት ጠብታ የተረጨበት አንድ ወጣት መካኒክ ኤጂ 100 ከፊቱ አቁሟል። ባለቤቱ ከአንጋጫ በኩል የመጡ፣ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ይጋልቡት የነበረው ዓይነት ሞተር ነው የገዙት።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ይነሳል፤ እሱ አያሳስብም። ኋላውን ልፍታው?» አላቸው።

«ኋላው ምን ሆነ? ይዞራል እኮ!»

«መዞሩንስ ይዞራል።» አለና ሞተሩን በማቆሚያው አንሥቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ጎን ገፋው። ጓ፣ ጓ አለ። ሰውዬው አጎንብሰው ራሳቸው ገፉት። ጓ። ዝም ብለው ቀና አሉ፤ «ፍታው በቃ» አሉት።

ጎማው ሲወርድ መጀመሪያ የታየው ኮፒሊያው አለመኖሩ ነበር። የዘንጉ ዳዶ እንዳይፈታ የሚከለክለው ያ ሁለት ሳንቲም የማይሞላ የብረት ቁራጭ ጠፍቶ በቦታው የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠምዝዞ ገብቷል። ከዚያ ዘንጉ ወጣ፤ ሁለት ቦታ ላይ እንደ ቀለበት ተበልቷል። ከዚያ ፓራኦሊዮው ተነሳ፤ ጠርዙ ደርቆ እንደ ገል ይሰበራል። በመጨረሻ ኩሽኔታዎቹ ሲመቱ አንደኛው ሙሉውን ወጣ፤ ሌላው ግን ኳሶቹን እዚያው መሬት ላይ በትኖ ውጪ ቀለበቱን ሞዞው፣ ማለትም የጎማው እምብርት፣ ውስጥ ትቶ ወጣ። ውስጡ የነበረው ግራሶ ሳይሆን ቀይ ጭቃ ነው።

መካኒኩ በሞዞው ቀዳዳ አሻግሮ ወደ ብርሃኑ ተመለከተ። «ጋሼ፣ የመሃል ቱቦው የለም» አለ።

የመሃል ቱቦ የሚባለው በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል፣ ዘንጉ ላይ ተሰክቶ የሚቀመጥ የጣት ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ ነው። ከውጭ አይታይም፤ አይዞርም፣ አይጮህም፣ ማንም ስለ እሱ አይጠይቅም። ሥራው ግን ትልቅ ነው። የዘንጉ ዳዶ ሲጠብቅ ኃይሉ ከአንዱ ኩሽኔታ ውስጠኛ ቀለበት ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ሌላኛው ውስጠኛ ቀለበት ይተላለፋል። ቱቦው ከሌለ ሁለቱ ውስጠኛ ቀለበቶች ወደ መሃል ይሳባሉ፤ ውጪኞቹ ግን ሞዞው ውስጥ ተቀርቅረው ይቆማሉ። ኳሶቹ በመካከል ይጨፈለቃሉ። አዲስ ኩሽኔታ ገብቶ በወሩ «ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። በእርግጥ ፎርጅድ ኩሽኔታ ገበያ ላይ አለ። ቱቦው ከጎደለ ወይም ፋብሪካው ከሠራው ቁመት ካጠረ ግን ከዓለም ምርጡ ኩሽኔታም አይተርፍም። ከዚህ በፊት ያንን ጎማ የፈታ ሰው ቱቦውን ወይ ረስቶታል ወይ ከአሮጌ ብረት ጋር ጥሎታል።

መፍትሔው ከከተማው አይወጣም። ቶርኖ ያለበት ቤት ሄዶ በትክክለኛው ቁመት ማስቀረጽ ይቻላል። ቁመቱ የሚለካው በዓይን አይደለም፤ ኩሽኔታዎቹ የሚያርፉባቸው ሁለቱ የሞዞ ደረጃዎች ያላቸው ርቀት በካሊፐር ይወሰዳል፤ ቱቦው ከዚያ ርቀት ፈጽሞ ማነስ የለበትም፤ በፀጉር ያህል ቢበልጥ ይሻላል። የቶርኖ ሠራተኛው «አሮጌውን አምጣ» ሲል አሮጌ ከሌለ ይህ ልኬት ነው ሁሉም ነገር።

ስለ ኩሽኔታ ቁጥር ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ሻጩም ገዢውም በእጅ እየመዘኑ «ይህንን የሚመስል» ሲባባሉ መስማት የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ቀለበቱ ላይ ተጽፏል። 6202፣ 6302፣ 6203 የሚሉት ቁጥሮች በዓለም ሁሉ አንድ ትርጉም አላቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት ይናገራሉ፦ 01 ማለት 12 ሚሊሜትር፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ነው፤ ከ04 ጀምሮ በ5 ይባዛል፤ ስለዚህ 04 ማለት 20 ሚሊሜትር ነው። ከእነሱ በፊት ያለው አሃዝ የውጪውን ግዝፈት ይለያል። 6202 ውጪው 35 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 11 ነው፤ 6302 ውስጡ ያው 15 ሆኖ ውጪው 42፣ ውፍረቱ 13 ይሆናል። ከቁጥሩ ኋላ የሚከተሉት ፊደላትም ዋጋ አላቸው። «2አርኤስ» ካለ በሁለቱም ጎን የላስቲክ መዝጊያ አለው፤ «ዜድዜድ» ካለ መዝጊያው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው አቧራን ይቀንሳል እንጂ ውሃን አያስቆምም። ክረምት ላይ በየወንዙ ለሚያቋርጥ ሞተር የላስቲኩ ነው የሚሻለው። ይህን ሰንጠረዥ ያወቀ ልጅ ሆሳዕና ላይ ያጣውን ኩሽኔታ ቁጥሩን በስልክ ብቻ ተናግሮ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይችላል። ከማዶ ያለው ሰውም በቡታጅራ የሚመጣው አውቶቡስ ላይ ትክክለኛውን ዕቃ ይጭንለታል።

አዲሱ ኩሽኔታ ሲገባ የሚፈጸም ስህተትም አለ። መዶሻ ተይዞ ውስጠኛው ቀለበት ላይ ይመታል። ውስጠኛው ሲመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ እያንዳንዱ ኳስ በመንገዱ ላይ ለዓይን የማይታይ ጎድጓዳ ይሠራል። ኩሽኔታው ገና ሳይሠራ ተጎድቷል ማለት ነው። ሞዞው ውስጥ ሲገባ መገፋት ያለበት ውጪኛው ቀለበት ብቻ ነው። ለዚህ የወጣው የተሰበረ ኩሽኔታ ውጪ ቀለበት በቂ መግፊያ ነው፤ በጎኑ ትንሽ ከተሞረደ ተመልሶ ይወጣል። ከመዶሻም የሚሻል አለ፦ ረጅም ቡሎን፣ ሁለት ወፍራም ሮንዴላና ሁለት ዳዶ። ዳዶው በቀስታ ሲጠብቅ ኩሽኔታው ሳይንጋደድ ወደ ቤቱ ይገባል። በቀላሉ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሙቀትም ይረዳል። ብዙዎቹ ሞዞዎች አልሙኒየም ናቸው፤ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላባት ወደ 93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ይበቃል። በፈላ ውሃ የተነከረ ወፍራም ጨርቅ ደጋግሞ ሞዞው ላይ ቢጠመጠም፣ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የኩሽኔታ ቤት ስድስት መቶኛ ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ኩሽኔታው በአንጻሩ ጠዋት ከብርድ የመጣ ከሆነ ግማሽ መንገዱን በአውራ ጣት ይገባል። ያ ወጣት መካኒክ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ውሃውን ያፈላችለት ከጎን ቡና የምታፈላ ሴት ናት፣ በዚያው ከሰል ላይ።

የእነዚህን ዕቃዎች ስም ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። ሞዞ፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኮፒሊያ፣ ፓራኦሊዮ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፤ የጋራዡ አማርኛ ሥሩ ጣልያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን፣ ከዚያም በኋላ እዚሁ በቀሩ የጣልያን ጋራዦች ውስጥ ረዳት ሆነው የሠሩ ኢትዮጵያውያን ሙያውን በጆሯቸውና በእጃቸው ወሰዱት። ቃሉ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ጋራዦች ተነሥቶ ዛሬ ሀዲይሳና ከምባትሳ በሚናገሩ ልጆች አፍ ውስጥ ገብቷል። የጠፋው ትርጉሙ ነው። ኩሺኔቶ በጣልያንኛ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ፓራፋንጎ ጭቃ ከልካይ እንደሆነ ሁሉ ፓራኦሊዮ ዘይት ከልካይ ነው። ለማጅ ልጅ ሲቀጠር «ይህ ትራስ ነው፤ ዘንጉ የሚያርፍበት ትራስ፤ ይህ ደግሞ ከልካይ ነው» ቢባል፣ ትራሱን በመዶሻ ለመምታት እጁ ይከብደዋል፤ የደረቀ ከልካይም መልሶ አይገጥምም። ሙያ በስም ብቻ ሲተላለፍ እጅ ይደግመዋል፣ አእምሮ ግን አይጠይቅም። የሆሳዕና መካኒኮች እጅ የሚያኮራ ነው፤ የቀረው ምክንያቱን የሚያስረዳቸው ሰው ማግኘት ነው።

ወደ ፍሬኑ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። የኋላ ፍሬን በእነዚህ ሞተሮች ላይ ታምቡሮ ነው፤ ውስጡ ሁለት ሸራ የለበሱ ጫማዎች ይከፈታሉ። በኮረትና በጭቃ መንገድ ላይ የፊት ፍሬን ሲያዝ ጎማው ስለሚንሸራተት ጋላቢው ሁሉ የሚተማመነው በእግሩ በሚረግጠው በኋላው ነው። ሆኖም ታምቡሮው በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ የራሱ የስፋት ወሰን ተቀርጾበት እያለ ማንም አያነበውም። ተበልቶ ከወሰኑ ያለፈ ታምቡሮ ውስጥ አዲስ ሸራ ማስመታት ገንዘብ መጣል ነው፤ ጫማው ከልክ በላይ ይከፈትና የሚከፍተው ካም ሊገለበጥ ይችላል፤ ጎማው ሲረገጥ ተይዞ አይለቅም። የቆየ ሸራ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕረሰር መንፋት ለሳንባ አደገኛ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ መጣል አለበት። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላው ረዳት ልጅ «እፍ» እያለ የሚያጸዳበት ጋራዥ ሁሉ ይህን ዛሬውኑ ማቆም ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ጫማዎቹን የያዘውን የፍሬን ሳህን ከኋላ ሹካው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሳህኑ ከጎማው ጋር አብሮ ሊዞር ይፈልጋል፤ የሚያስቆመው ያ ዘንግ ብቻ ነው። የዘንጉ ዳዶ ከተፈታ ወይም በሽቦ ከታሰረ፣ አንድ ቀን በኃይል ሲረገጥ ሳህኑ ይዞራል፤ የፍሬን ማያያዣው ይጠመዘዛል፤ ጎማው በአንድ ጊዜ ይቆልፋል። እዚህ ቦታ ላይ ሽቦ ተቀባይነት የለውም። ትክክለኛ ቡሎን፣ ትክክለኛ ዳዶ፣ አዲስ ኮፒሊያ፤ ሌላ የለም።

ካቴናን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። 428 የሚባለው ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ ሃያ ማያያዣ ተወጥሮ ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ ጥርሱን እየበላ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ጥርሱ ጋር አብሮ ይቀየራል። አዲስ ካቴና እንደ ማጭድ በጎበጠ ጥርስ ላይ መግጠም አዲሱንም በጥቂት ወር ማሳረጅ ነው። የመቆለፊያው ዝግ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ውጥረቱን በተመለከተ ግን አንድ መጥፎ ልማድ አለ፦ «ጠበቅ አድርገው፣ እንዳይላላ» የሚባለው። ሦስት ሰው ሲቀመጥበት የሞተሩ ኋላ ይወርዳል፤ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ቀድሞውኑ የተወጠረ ካቴና ያን ጊዜ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይስባል። ስለዚህ ውጥረቱ መለካት ያለበት ጭነቱ ተቀምጦበት ነው፤ ጎማውም እየዞረ በጣም የሚጠብቀው ቦታ ተፈልጎ። ደግሞም የኤጂ 100 የካቴና ሳጥን «ያስቸግራል» ተብሎ አውጥቶ መጣሉ መቆም አለበት። ሳጥኑ የተሠራው ለዚህ አገር ዓይነት ክረምት ነው፤ የሞተሩ ትልቁ ጥበብ እሱ ነው።

የቸርኬውን ሽቦዎች ማቃናት ግን ጆሮ ያለው ሰው ሥራ ነው። መካኒኩ ጎማውን በተገለበጠ አሮጌ የኋላ ሹካ ላይ ሰቅሎ፣ ከጎኑ ጠመኔ አስደግፎ ያሽከረክረዋል። ቸርኬው ወደ ጎን በወጣበት ቦታ ጠመኔው ነጭ ምልክት ይተዋል። ከዚያ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በትንሽ ቁልፍ ነካ ነካ ያደርጋል። የጠበቀው ይጠራል፤ የላላው ደነዝ ድምፅ ይሰጣል። ሩብ ዙር እዚህ ያጠብቃል፣ በተቃራኒው ወገን ሩብ ዙር ያላላል። ብዙ የፋብሪካ መመሪያዎች ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች እስከ 2 ሚሊሜትር መወዛወዝን ይታገሣሉ፤ ጥሩ እጅ ግን ከዚያ በታች ያወርደዋል። ይህን ሥራ ሲሠራ ያየ ሰው ክራር የሚቃኝ መስሎት ቢቆም አይፈረድበትም። በመጨረሻ ጎሚስታው ከመነዳሪውን ከመክተቱ በፊት የሽቦ ጫፎቹ ላይ የላስቲክ ቀበቶው መልበሱን፣ የጎማው ቀስትም ወደ መሽከርከሪያው አቅጣጫ ማመልከቱን ባለቤቱ ራሱ ቢያይ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባም። ሕዝቡ ድሃ ነው፤ ደንበኛው ለማይታይ ዕቃ አይከፍልም፤ መካኒኩም የማይከፈለውን አይሠራም ይባላል። እውነት ነው፣ ደንበኛው አይከፍልም። የማይከፍለው ግን ስላላየ ነው። እኚያ የአንጋጫ ሰው ጎማውን በእጃቸው ገፍተው «ጓ» ሲል ከሰሙ በኋላ ስለ ዋጋ አልተከራከሩም። ሁለት ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ፣ ኮፒሊያና ግራሶ አንድ ላይ ተደምረው ለቀለምና ለመቀመጫ ሌዘር ከሚወጣው የሚበልጡ አይደሉም። መካኒኮች የኋላ ጎማን ሥራ ከሞተሩ ለይተው በወረቀት ዋጋ ቢጽፉለት፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃም በፌስታል አድርገው ለባለቤቱ ቢያስረክቡ፣ ልማዱ ቀስ በቀስ ይለወጣል።

ከባድ ሸክም ያለበት ግን በተቋማት ላይ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆናለች። ከዚያ ቀደም ብሎም ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ መሐንዲሶችን ማስመረቅ ጀምሯል፤ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁም አለ። እነዚህ ተቋማት ባሉበት ከተማ ውስጥ የኩሽኔታ ሰንጠረዥ በአማርኛ፣ በሀዲይሳና በከምባትሳ በአንድ ገጽ ታትሞ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል? የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ርካሽ የኩሽኔታ መግፊያና የጎማ ማቃኛ ነድፈው ለጋራዦች ቢሰጡ፣ ሥራቸው ከመደርደሪያ ይወጣል። በጓሮ የሚበሰብሱት የመሥሪያ ቤት ሞተሮችም ዓመታት ቆይተው፣ ዕቃቸው እየጎደለ በብረት ዋጋ ከመሸጣቸው በፊት ጥቂቶቹ ለማሠልጠኛ ቢሰጡ፣ ተማሪው የሚፈታው እውነተኛ ሞዞ ያገኛል። ለዓመታዊ ምርመራ የሚመጣ ሞተር ቦሎ ከመለጠፉ በፊት መብራቱና ጥሩምባው ይታይ ይሆናል፤ የኋላ ጎማውን ከፍ አድርጎ ወደ ጎን መግፋት ግን ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ማንኛውንም መሣሪያም አይጠይቅም።

ሌላም ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በቀደመው ዘመን በከምባታና በሀዲያ፣ በሌላውም የአገሪቱ ክፍል፣ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ተገልሎ ይኖር ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዛሬ ያ ንቀት በአዋጅም በትምህርትም ተዳክሟል፤ ነገር ግን የቀረ ጥላ አለ። እጁ ዘይት የነካ ወጣት ሥራውን መሸጋገሪያ አድርጎ ያየዋል። ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ከሄዱት መካከል ጎማ ማቃናትን ጠንቅቀው የሚያውቁ እጆች ይኖራሉ። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ እዚህ አዲስ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ይገዛል፤ አዲሱ ቦክሰር ሲያረጅ የሚያቃናው ሰው ግን እዚህ መኖር አለበት። ለዚህ ሥራ ተገቢ ዋጋና ተገቢ ስም መስጠት ልጆቹን እዚህ ከሚያቆዩ ነገሮች አንዱ ነው።

ያ ኤጂ 100 ከሰዓት በኋላ ተገጣጠመ። የቶርኖ ቤቱ ቱቦ መጣ፤ ተለካ፤ ገባ። ዘንጉ በአዲስ ግራሶ ተቀብቶ ገባ፤ ዳዶው ጠበቀ፤ ኮፒሊያው ገብቶ ሁለት እግሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተጣጠፉ። መካኒኩ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ሲባጎ ዘርግቶ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን አየ፤ ሹካው ላይ የተቀረጹትን ጭረቶች አላመነም። ሞተሩ በማቆሚያው ላይ እንዳለ ጎማውን በጣቱ ገፋው። ድምፅ የለም። ባለቤቱ ራሳቸው ከላይና ከታች ይዘው ገፉት፤ አሁንም ድምፅ የለም።

«ጋሼ፣ አዲስ የጠበቀ ሽቦ ይላላል። በሳምንቱ ይመለሱልኝ፤ በነፃ ነው» አላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሱ፤ ቀይ አፈር እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር። ልጁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካቸው፤ ሦስቱ ደነዝ ድምፅ ሰጡ። እያንዳንዳቸውን ሩብ ሩብ ዙር አጠበቃቸው።